"ኢኮ ነው" ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ? የመስኮት ጨርቅ ሰርተፊኬት አነባበብ

ለገጣፎ ውስጥ አነስተኛ የሮለር ወርክሾፕ አለኝ፤ ሮለር በቱቦ ላይ የሚጠቀለለው የመስኮት መጋረጃ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የአሉሚኒየም መቁረጫ፣ ሁለት ረዳቶች። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ የጨርቅ ጥቅሎች አሉ፤ ከኋላቸው ድመቷ ትተኛለች። ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት መጋረጃ ሰፍቻለሁ። ስለዚህ ጨርቅ በእጄ ዳሰስ አድርጌ አውቃለሁ እል ነበር። ኩራቴን ያስተነፈሰው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው።

በ2016 መስከረም ላይ ነው። ትምህርት ሊጀመር ሲል እዚሁ ሰፈር ያለ መዋዕለ ሕፃናት ለአሥራ አራት መስኮት ሮለር ፈለገ። ዳይሬክተሯ የሰከኑ እናት ናቸው። ሳምፕሉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው አሸተቱት።

"ልጄ፣ ይሄ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ነው የሚሰቀለው። ምንድን ነው የሚሸተው? ሰርተፊኬትስ አለው?"

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን አፍንጫዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ መሀል ስለምውል ለምጄዋለሁ። "አለው" አልኳቸው። መርካቶ የሸጠልኝ ነጋዴ "ኢኮ ነው፣ ሰርተፊኬት አለው" ብሎኝ ነበራ፤ ሰውንም አካባቢንም አይጎዳም ማለቱ ነው።

በማግስቱ መርካቶ ወረድኩ። ነጋዴው ስልኩን አወጣና የአንድ ወረቀት ፎቶ አሳየኝ። ማኅተም አለው፣ ቅጠል አለው፣ ቁጥር አለው። ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ። "ይኸው የኔ እናት! እስከ 2022 ይላል። እኛ አሁን 2016 ነን። ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል!"

አትሳቁ። እኔም "እውነትም" ብዬ ተመለስኩ። ፎቶውን ለዳይሬክተሯ በቴሌግራም ላክሁ። ማታ ላይ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ካለፈበት ዓመት አልፎታል። ደሞ ወረቀቱ ላይ ያለው የአልጋ አንሶላ ነው።" ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ነው እየጠየቅሁ፣ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩም የተማርኩት። ሮለር፣ ወይም ዜብራና ቨርቲካል የሚባሉትን ሌሎች የመስኮት መጋረጃ ዓይነቶች የምትሠሩም ሆናችሁ ለቤታችሁ የምትገዙ፣ እኔ የከፈልኩትን ዋጋ እንዳትከፍሉ በደረስኩበት ልክ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ ለዩ

"ኢኮ" የሚለው ቃል ብዙ ጥያቄ በአንድ ከረጢት አጭቆ ይዟል። ጨርቁ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ይጎዳል ወይ? ይህ አንድ ነው። ጨርቁ ከምን ተሠራ፣ ሲያረጅስ የት ይጣላል? ይህ ሌላ ነው። ሲመረት ፋብሪካው ወንዙን ምን አደረገው? ይህ ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱንም በአንድ ወረቀት የሚመልስ ሰርተፊኬት ጥቂት ነው። ብዙዎቹ አንዱን ብቻ ነው የሚመልሱት።

ልጅ ሆኜ አቃቂ ነበር የምንኖረው። ወንዙ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን የቀይ ሥር ቀለም ይዞ ይወርድ ነበር። እኛ ልጆቹ "ዛሬ ምን እየነከሩ ነው?" እያልን እንወራረዳለን። የዚያን ቀን የተነከረው ጨርቅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ላቦራቶሪ ቢገባ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወንዙ ግን አቃቂን አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ቀለሙን እንደያዘ። የጨርቁ ምርመራ ስለ ወንዙ ምንም አይነግራችሁም። ይህን ልዩነት ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ለመኝታ ክፍል ወይም ለሕፃናት ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ይቀድማል። ደንበኛችሁ ድርጅት ከሆነና "ሪሳይክልድ (ካገለገለ ዕቃ ዳግም የተሠራ) ይሁን" ካለ ሁለተኛው። እኔ አሁን ፕሮፎርማ ከመጻፌ በፊት ደንበኛውን ቁጭ አድርጌ "ምን አስፈርቶዎት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ግማሹ ሰው የሚፈራው ሽታውን ነው። ግማሹ ከውጭ መሥሪያ ቤት የተላከ ቅጽ ይዞ ነው የሚመጣው።

ወረቀቱን ተዉትና ጨርቁን እዩ

ከወረቀቱ በፊት ሳምፕል ካርዱን ገልብጡት። ከጀርባው ጥንቅሩ ተጽፏል። ነጋዴው "ፖሊስተር ነው" ያላችሁ ስክሪን ጨርቅ፣ ያ ወንፊት የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ "30 በመቶ ፖሊስተር፣ 70 በመቶ ፒቪሲ" ይላል። ፖሊስተሩ ክሩ ነው። ክሩን የለበጠው ፕላስቲክ ግን ፒቪሲ ነው። ስለዚህ የምትሰቅሉት በክብደቱ አብላጫው ፒቪሲ ነው። ክሩ ፋይበርግላስ የሆነም አለ፤ እሱም ሽፋኑ ያው ፒቪሲ ነው።

ፒቪሲ ምን ችግር አለው? ብቻውን ደረቅና ተሰባሪ ነው። እንደ ጨርቅ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ይጨመርበታል። በተለይ ርካሹ ላይ ታሌት የሚባሉት ማለስለሻዎች ይገባሉ። በፀሐይ እንዳይበላሽ ማረጋጊያ ይጨመርበታል፤ ድሮ እርሳስ ያለበት ነበር። ሲቃጠል ደግሞ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል። እኛ አገር ቁርጥራጭ ጨርቅ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ከቆሻሻ ጋር መቃጠል ነው። እኔም አቃጥል ነበር። አሁን አላቃጥልም።

የአዲስ አበባ ፀሐይም ቀልድ አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስኮት ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሮለርን በእጃችሁ ንኩት፤ እንደ ምጣድ ነው። ጨርቅ በጋለ ቁጥር ውስጡ ያለውን ተናኝ ነገር በብዛት ይለቃል። ዳይሬክተሯ ያሸተቱት እሱን ነው።

ካርዱ ላይ ምንም ካልተጻፈ አንድ የቆየ የኬሚስትሪ ዘዴ አለ። የመዳብ ሽቦ ታግላላችሁ፣ ጨርቁን ትነካላችሁ፣ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ ትከታላችሁ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለ፤ ፒቪሲ የመሆኑ ነገር ያመዝናል። እኛ የመጀመሪያ ቀን የሞከርነው ሁሉ አረንጓዴ ሆነብን። ፖሊስተሩም አረንጓዴ፣ የጥጥ አቡጀዲውም አረንጓዴ! ረዳቴ "እትዬ፣ እንግዲህ መርካቶ በሙሉ ፒቪሲ ነው" አለኝ። በኋላ ነው የገባን። ሽቦውን የላጥነው ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። የገመዱ ላስቲክ ራሱ ፒቪሲ ነው፤ ትርፍራፊው ሽቦው ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ሽቦውን በአሸዋ ወረቀት ፈትጉት። ከዚያ በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ እሳት ላይ፣ ነበልባሉ ምንም ቀለም እስከማያሳይ አግሉት። በፒንሳ ይዛችሁ፣ ከጥፍር የማይበልጥ የጨርቅ ቁራጭ ንኩበት። ከቤት ውጭ ይሁን፣ ነፋሱን ጀርባችሁን ስጡት፣ ጭሱን አትማጉ፣ ልጆች አይጠጉ። ቁራጯን አታሳድጓት፤ መርዝ ነው የሚወጣው። አንዳንድ እሳት መከላከያ ኬሚካልም አረንጓዴ ስለሚያሳይ ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ያለ ሽቦም ዝም ብሎ ማቃጠል ይናገራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ይንጠባጠባል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ፋይበርግላስ ያለው ሽፋኑ ተቃጥሎ ነጭ መረብ ይቀራል።

ወረቀቶቹ

ኦኮቴክስ ስታንዳርድ 100 እኛ ገበያ ላይ በብዛት ስሙ የሚጠራው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የኦስትሪያና በአንድ የጀርመን የጨርቃጨርቅ ምርምር ተቋም ነው። የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ ጎጂ ኬሚካል አለ ወይ? ክሩ፣ ቀለሙ፣ ሽፋኑ፣ የተሰፋበት ክር ሳይቀር ይፈተሻል።

አራት ክፍሎች አሉት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ክፍል 1 እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ነው። ክፍል 2 ቆዳ ለሚነካ ልብስ። ክፍል 3 ቆዳ ለማይነካ፣ እንደ ካፖርት ላለው። ክፍል 4 ለመጋረጃና ለቤት ማስዋቢያ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መመዘኛው ይላላል። ለምሳሌ ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ጎጂ ኬሚካል ውሰዱ። ጨርቅ እንዲደድርና እንዳይጨማደድ በሚገባው ሙጫ ውስጥ ይገኛል። በክፍል 2 በኪሎ እስከ 75 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል፤ በክፍል 4 እስከ 300። በክፍል 1 ላይ መሣሪያ ሊያየው ከሚችለው በታች መሆን አለበት። ሮለር በደንቡ ክፍል 4 ይበቃዋል። ግን አምራቹ ከፈለገ በክፍል 1 ማስፈተሽ ይችላል፤ ያስፈተሹም አሉ። ለመዋዕለ ሕፃናት እኔ ክፍል 1 ነው የምጠይቀው። ሕፃን የሮለር ጫፍ አፉ ውስጥ አይከትም ያለ ሰው ሕፃን አላሳደገም።

ስታንዳርድ 100 ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ አይናገርም። ለሱ ኦኮቴክስ ሌላ አለው፤ ስቴፕ ይባላል፣ ፋብሪካውን ነው የሚያየው። ሁለቱን የሚያጣምረው ደግሞ ሜድ ኢን ግሪን ነው። እሱ ላይ ኪውአር ኮድ አለ። በስልካችሁ ስታነሱት ጨርቁ በየትኞቹ ፋብሪካዎች እንዳለፈ ያሳያችኋል። የአቃቂው ጥያቄ ያለበት ሰው ይህን ይፈልግ።

ግሪንጋርድ ደግሞ ሽታውን የሚያሳድድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 2011 ጀምሮ ዩኤል በሚባል የምርት ደኅንነት ፈታሽ ድርጅት ሥር ነው። ጨርቁ በታሸገ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ አየር ይነፍስበታል፣ የሚወጣው አየር ይለካል። ሁለት ደረጃ አለው። ተራው ግሪንጋርድ ጠቅላላ ተናኝ ኬሚካል በአንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 500 ማይክሮ ግራም ይፈቅዳል። ጎልዱ እስከ 220 ብቻ። ጎልዱ ድሮ ስሙ "ለልጆችና ለትምህርት ቤቶች" የሚል ነበር። ለመኝታ ክፍልም ለመማሪያ ክፍልም ጎልዱን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፒቪሲ ጨርቅም ግሪንጋርድ ጎልድ ሊኖረው ይችላል፤ አለውም። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ወረቀቱ የሚለው "የክፍሉን አየር አያበላሽም" ነው። "ፒቪሲ የለበትም" አላለም። ደንበኛችሁ ፒቪሲ አልፈልግም ካለ ግሪንጋርድ መልስ አይሆንም።

ሦስተኛው ግሎባል ሪሳይክልድ ስታንዳርድ ነው፤ ባጭሩ ጂአርኤስ። ኮንትሮል ዩኒየን የሚባል መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 አወጣው፣ ከ2011 ጀምሮ ቴክስታይል ኤክስቼንጅ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይመራዋል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ተፈጭቶ፣ ቀልጦ፣ ተፈትሎ ፖሊስተር ይሆናል። (አዎ፣ ቆራሌው በራችን ላይ እየጮኸ የሚሰበስበው ያው ሃይላንድ።) ጂአርኤስ በዋናነት የሚያረጋግጠው ያ ክር በእርግጥ ሪሳይክልድ መሆኑን ነው። ጨርቁ ሰርተፊኬት ለማግኘት ቢያንስ 20 በመቶ ሪሳይክልድ መሆን አለበት፤ ምልክቱን ዕቃው ላይ ለመለጠፍ ግን ቢያንስ 50 በመቶ። ስለዚህ "ሪሳይክልድ" ሲሏችሁ "ስንት በመቶ?" በሉ። አርሲኤስ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ እሱ ከ5 በመቶ ይጀምራል። ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ አይቻለሁ።

ጂአርኤስ ሁለት ዓይነት ወረቀት አለው። አንዱ ስኮፕ ሰርተፊኬት ነው፤ ፋብሪካው ይህን መሥራት ይችላል ይላል። ሌላው ትራንዛክሽን ሰርተፊኬት ነው፤ ይህች ጭነት፣ በዚህ ቀን፣ ለዚህ ገዢ ተሸጠች ይላል። ስኮፑ እንደ መንጃ ፈቃድ ነው። መንጃ ፈቃድ ስላለው ዛሬ ያመጣኝ እሱ ነው ማለት አይደለም። ከአስመጪ ስትገዙ ሁለተኛውን ጠይቁ።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። ጎትስ ለኦርጋኒክ ጥጥና ሱፍ ነው፤ ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ መሆን አለበት፣ "ኦርጋኒክ" ብቻ ብሎ ለመጻፍ 95። የጥጥ መጋረጃ ለሚሠራ ይጠቅማል፣ ለሮለር ብዙም አይገጥምም። ክሬድል ቱ ክሬድል ከነሐስ እስከ ፕላቲነም ደረጃ ያለውና ዕቃውን ከጥንስሱ እስከ መጣያው የሚመዝን ነው። እኔ እጅ የገባ ጨርቅ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም።

ሰርተፊኬት መስለው የሚመጡ

አፍ ዳገት አይፈራም። "ሰርተፊኬት አለው" ተብሎ ከተሰጠኝ ወረቀት አብዛኛው እውነተኛ ወረቀት ነበር፤ የማይመለከተን እንጂ።

አይኤስኦ 9001 የፋብሪካው አሠራር ሥርዓት አለው ይላል። አይኤስኦ 14001 ፋብሪካው የአካባቢ ጉዳዮቹን የሚከታተልበት ሥርዓት አለው ይላል። ሁለቱም ስለ ጨርቁ አንዲት ቃል አይናገሩም። ኤንኤፍፒኤ 701 ወይም ዲን 4102 ቢ1 የሚል ካለ የእሳት ፍተሻ ነው። ሆቴል ይጠይቀዋል፣ ጥሩ ነገርም ነው። ግን ከአካባቢ ጋር አይገናኝም፤ እንዲያውም እሳት እንዲቋቋም የተጨመረው ኬሚካል ሌላ ጥያቄ ሊያመጣ ይችላል። የቅጠል ሥዕል፣ ሦስት ቀስት ያለው ክብ፣ "ኢኮ ፍሬንድሊ" የሚል ጽሑፍ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ

እኔ አሁን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማየው። መጀመሪያ ስሙን። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ድርጅት ጥቅሉ ካርቶን ላይ ካለው ጋር አንድ ነው? የአስመጪው ስም ባይኖር ግዴለም፤ የአምራቹ ግን መኖር አለበት። ከዚያ ዕቃውን። የኔው ላይ "የአልጋ አንሶላ፣ ጥጥ፣ ነጭ" የሚል በትንሹ ተጽፎ ነበር። እኔ የገዛሁት ግራጫ ፖሊስተር ብላክአውት (ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ) ነው። ሦስተኛ ክፍሉን፤ 1 ነው 4?

ከዚያ ቀኑን። ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው። አንባቢዬ ይህን ያውቃል ብዬ ነበር የማልፈው፣ ግን እኔም ያወቅሁ መስሎኝ ነው የወደቅሁት። ከእኛ ዓመት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ደምሩ። ስታንዳርድ 100 የሚያገለግለው 12 ወር ብቻ ነው፤ ስለዚህ "ገና ስድስት ዓመት አለው" የሚባል ስታንዳርድ 100 በዓለም ላይ የለም። ቀንና ወርም ይምታታል። አውሮፓውያን ቀኑን ያስቀድማሉ፣ አሜሪካውያን ወሩን።

መጨረሻ ቁጥሩን። ኦኮቴክስ ድረ ገጹ ላይ "ሌብል ቼክ" የሚል ቦታ አለው። የወረቀቱን ቁጥር ስታስገቡ የሚሠራ መሆኑን፣ ለየትኛው ዕቃና ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ያወጣላችኋል። ነጻ ነው። ኔትወርክ ካለ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኛ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ስለማይጨበጥ እኔ ጠዋት ነው የምሠራው። ግሪንጋርድም በዩኤል ድረ ገጽ ላይ በአምራቹ ስም ይፈለጋል። ነጋዴው ቁጥሩ የተቆረጠ ወይም የደበዘዘ ፎቶ ከላከልኝ ሌላ አልጠይቅም፤ ጨርቅ እቀይራለሁ።

ለአስመጪ የምልከውን መልእክት ብትፈልጉ ይኸው፣ እንዳለ ውሰዱት፦

"ሰላም። የዚህ ጨርቅ የአርቲክል (የመለያ) ቁጥሩ፣ ጥንቅሩ በመቶኛ፣ ሽፋኑ ምን እንደሆነ ይላኩልኝ። ሰርተፊኬት ካለው ሙሉ ገጹን በፒዲኤፍ፣ ቁጥሩ እንዲታይ። ሪሳይክልድ ከሆነ የዚህችን ጭነት ትራንዛክሽን ሰርተፊኬት። ከሌለም የለም በሉኝ፣ ቅር አይለኝም።"

የመጨረሻዋ መስመር ትሠራለች። "የለም" ብሎ እውነቱን የነገረኝ አንድ አከፋፋይ አለ፤ እስከ ዛሬ ሌላውን ጨርቅ ከሱ ነው የምገዛው።

ፕሮፎርማ ላይ ምን ይጻፍ?

ጨርቁ የተረጋገጠ ስለሆነ ሮለሬ የተረጋገጠ ነው ማለት አልችልም። ምልክቱን የመለጠፍ መብት የባለ ሰርተፊኬቱ ነው። እኔ ጨርቁን ቆርጬ፣ ከአሉሚኒየም ቱቦ ጋር በቴፕ አጣብቄ፣ የፕላስቲክ ሰንሰለት አስገብቼበታለሁ። እነዚያን ማንም አልፈተሸም። ስለዚህ "የአካባቢ ሰርተፊኬት ያለው ሮለር" አልጽፍም። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ጨርቁ፦ አርቲክል ቁጥር ይህ፣ 100 በመቶ ፖሊስተር፣ አክሪሊክ ሽፋን፣ የጨርቁ አምራች ስታንዳርድ 100 ክፍል 1፣ ቁጥር ይህ፣ እስከዚህ ቀን የሚያገለግል።" ረዘም ይላል፣ ግን ማንም አይከራከረኝም።

ሰርተፊኬት የሌለውን ጨርቅ ስሸጥም ያው ነው። አይኤስኦ 14021 የሚባል ሻጭ ራሱ ስለ ዕቃው የሚናገርበትን ሥርዓት የሚደነግግ ደረጃ አለ። "አረንጓዴ"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ" የመሳሰሉ ድፍን ቃላትን አትጠቀሙ ይላል። "ፒቪሲ የሌለው" ማለት ግን ይቻላል፣ እውነት ከሆነ። ሽሮ ሜዳ የተሸመነ የጥጥ መጋረጃ ስሸጥ ምንም ሰርተፊኬት የለኝም። "ጥጥ፣ በእጅ የተሸመነ፣ ሽሮ ሜዳ" ብዬ እጽፋለሁ። ይበቃዋል። እንዲያውም ይሸጠዋል።

የራሳችሁን ሰርተፊኬት ማውጣት ትችላላችሁ ወይ? ትችላላችሁ። ለስታንዳርድ 100 ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ የምትጠቀሙትን ሁሉ ከነአቅራቢው ትዘረዝራላችሁ፣ ናሙና ትልካላችሁ፣ ላቦራቶሪ ይፈትሻል፣ ሰው መጥቶ ወርክሾፑን ያያል። ግብዓታችሁ ቀድሞ የተረጋገጠ ከሆነ የፍተሻው ዋጋ ይቀንሳል። በየዓመቱ ይታደሳል። እኔ አስቤው ትቼዋለሁ። ወደ ውጭ የሚልክ፣ ወይም በቋሚነት አንድ ዓይነት ጨርቅ የሚያመርት ያዋጣዋል። በወር አርባ መስኮት ለሚሠራ፣ ጨርቁንም እየቀያየረ ለሚገዛ፣ አያዋጣም። የተረጋገጠ ጨርቅ ገዝቶ ወረቀቱን አለመጣል ይሻላል።

ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ ሕፃናት ያሉበት ቤት ከሆነ የትኛውም የጨርቅ ሰርተፊኬት ሰንሰለቱን አያይላችሁም። የተንጠለጠለ ሰንሰለት ሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ግድግዳው ላይ በመያዣ ወጥራችሁ እሰሩት፣ ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፣ የሕፃን አልጋ ከሥሩ አታስጠጉ። መያዣው ከነብሎኑ አብሮ ይመጣል፤ ብዙ ገጣሚ ግን ድሪል ማንሳት ሰልችቶት ኪሱ ይከተዋል። ስትረከቡ ጠይቁት።

መዋዕለ ሕፃናቱ አምና ሁለት ክፍል ጨመረ። ዳይሬክተሯ ራሳቸው ደወሉ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን ይዤ ነው የሄድኩት። እሳቸው ወረቀቱን ለሒሳብ ሠራተኛዋ አሳለፉና ሳምፕሉን እንደገና አፍንጫቸው ጋ ወሰዱት። ቆዩ። "ደህና ነው" አሉ።

አሁን አዲስ ጥቅል ሲገባ ረዳቴ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ይቆርጣል። ከካርቶኑ መለያ ጋር በስቴፕለር ያያይዛትና አሮጌ የሠርግ አልበም ውስጥ ይከታታል። ጎኗ ላይ ሁለት ቀን እጽፍባታለሁ፤ አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በእኛ።